ሰባተኛው ቀለበት፦ የአሲኖች ታሪክ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ እስከ ሄፕታሲን

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን፣ ቀጥሎም የሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ጎዳናዎች በጋዝ መብራት መድመቅ ሲጀምሩ፣ ጋዙ የሚገኘው ድንጋይ ከሰልን አየር በማይደርስበት ምድጃ ውስጥ በማጋል ስለነበር፣ ከጋዙ ጎን ጥቁር፣ ዝልግልግና ሽታው የሚከብድ ሬንጅ በብዛት ይወጣ ነበር። ለጋዝ ፋብሪካዎቹ መጣያ የጠፋለት ዝቃጭ የነበረው ይህ ሬንጅ፣ ለዘመኑ ኬሚስቶች የአሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች ዋና ምንጭ ሆነ፤ እነዚህም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ፣ ካርቦኖቻቸውም ባለስድስት ማዕዘን ቀለበት የሚሠሩ ውህዶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ቀለበቶቻቸው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተደረደሩት አሲኖች ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የአሲኖች፣ በተለይም ሰባት ቀለበት ያለው የሄፕታሲን ታሪክ ሲሆን፣ ይህ ሞለኪውል ተሠራ ተብሎ ከተጻፈበት ከ1942 አንሥቶ በጠጣርነቱ በበቂ መጠን ተይዞ እስከ ተመረመረበት እስከ 2017 ድረስ ሰባ አምስት ዓመት አልፏል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሬንጁ አስቀድሞ ተለይቶ የታወቀው ናፍታሊን ነው። በ1820 ግድም በእንግሊዝ አገር ከሬንጅ ነጭ ክሪስታል የወጣ ሲሆን፣ ጆን ኪድ በ1821 ስሙን ሰጠው፤ ማይክል ፋራዴይም በ1826 ካርቦንና ሃይድሮጅን በምን ያህል መጠን እንደሚገኙበት አረጋገጠ። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ብል እንዳይበላ በልብስ መካከል የሚቀመጠው፣ በሽታው የሚታወቀው ነጭ ክብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ውህድ ነው። በ1832 ደግሞ ፈረንሳውያኑ ዣን ባቲስት ዱማና ኦጉስት ሎራን ከሬንጁ ከባድ ክፍል ኋላ አንትራሲን የተባለውን ውህድ ለዩ። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ነገር ውስጣዊ ቅርጽ ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የቤተሰቡ ሁሉ መሠረት የሆነው ቤንዝን፣ በነዳጅ ማደያ ከሚሸጠው ቤንዚን የተለየው ባለ ስድስት ካርቦን ውህድ፣ ቀለበት መሆኑን አውጉስት ኬኩሌ ያቀረበው ገና በ1865 ነበርና።

የእነዚህን ሞለኪውሎች አሠራር ለመረዳት የማር እንጀራን ማሰብ ይረዳል፤ በማር እንጀራ ላይ ባለስድስት ጎን ክፍሎች ግድግዳ እየተጋሩ እንደሚቀጥሉ ሁሉ፣ በአሲኖችም እያንዳንዱ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር ሁለት ካርቦኖችንና በመካከላቸው ያለውን ትስስር ይጋራል፤ ልዩነቱ አሲኖች ወደ ጎን ሳይሰፉ በአንድ ረድፍ ብቻ መርዘማቸው ነው። ናፍታሊን ሁለት፣ አንትራሲን ሦስት፣ ቴትራሲን አራት፣ ፔንታሲን አምስት፣ ሄክሳሲን ስድስት ቀለበት አላቸው። አንድ ቀለበት በተጨመረ ቁጥር አራት ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚጨመር፣ ሄፕታሲን 30 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን ይይዛል። በወረቀት ላይ ሲሣል ከናፍታሊን ወደ ሄፕታሲን መሄድ አምስት ቀለበት ከመጨመር ያለፈ አይመስልም፤ በቤተ ሙከራ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለበት ከቀደመው ይልቅ እጅግ የከበደ ሥራ ጠይቋል።

አንትራሲን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የዓለምን ንግድ የለወጠው በቀለም ሙያ በኩል ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት ቀይ ጨርቅ ከሚነከርባቸው ቀለሞች ዋነኛው ማደር ከሚባል ተክል ሥር የሚገኘው አሊዛሪን ነበር፤ በደቡብ ፈረንሳይ በአቪኞን አካባቢም ሰፊ መሬት በዚህ ተክል ተሸፍኖ ነበር። በ1868 በበርሊን የአዶልፍ ባየር ረዳቶች የነበሩት ካርል ግሬቤና ካርል ሊበርማን አሊዛሪንን ከዚንክ ዱቄት ጋር አግለው ቢያነጥሩት ያገኙት አንትራሲንን ሆነ፤ ከዚህም የቀይ ቀለሙ አጥንት ሦስት ቀለበት ያለው የሬንጅ ውህድ መሆኑን ተረዱ፣ ወዲያውም መንገዱን ገልብጠው ከአንትራሲን አሊዛሪንን ሠሩ። በሰኔ 1869 የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ ለዚህ ሥራ በለንደን የፓተንት ማመልከቻ ባስገባ ማግስት እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን የራሱን አስገባ። ፋብሪካዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ የማደር እርሻ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቀ፤ ተክሉን እያመረተ ይኖር የነበረ ገበሬ መተዳደሪያውን ሲያጣ፣ ቀድሞ ይጣል የነበረው የሬንጅ ክፍል ደግሞ በዋጋ የሚፈለግ ጥሬ ዕቃ ሆነ። የኬሚስትሪ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ድል ብቻ መተረክ ይቀናቸዋል፤ የአቪኞን ገበሬዎች ኪሳራ ግን የዚያው ታሪክ አካል ነው፣ ከእርሱም ተነጥሎ ሊነገር አይገባውም።

በዚሁ ዘመን በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ዩሊየስ ፍሪትዝሼ ለኋለኛው ታሪክ ከቀለሙ ንግድ የበለጠ ትርጉም ያለው ነገር አስተዋለ። የአንትራሲንን ሙሙት፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን አንትራሲን፣ ለፀሐይ ብርሃን ሲያጋልጠው በፈሳሹ የማይሟሟ አዲስ ክሪስታል ይዘቅጥ ነበር፤ ይህም ክሪስታል ሲሞቅና ሲቀልጥ መልሶ አንትራሲን ይሆን ነበር። እንዲሁም በ1867 ኋላ ቴትራሲን መሆኑ የታመነበት ብርቱካንማ ሙሙት በቀን ብርሃን ቀለሙ እንደሚጠፋ፣ በጨለማም እንደሚመለስ ጻፈ። የመጀመሪያው ምክንያት ሁለት ሞለኪውሎች በብርሃን ኃይል ተያይዘው ጥንድ መሆናቸው፣ የሁለተኛው ደግሞ የአየር ኦክስጅን ከቀለበቱ ጋር መያያዙ እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሆኖም አሲኖችን እስከ ዛሬ ሲያሳድዷቸው የኖሩት ሁለቱም ጠላቶች፣ የራሳቸው ዓይነት ሞለኪውልና ኦክስጅን፣ በፍሪትዝሼ ብልቃጦች ውስጥ አስቀድመው ታይተው ነበር።

ረዣዥሞቹን አሲኖች በዓላማ መሥራት የጀመረውና ዕድሜውን ሁሉ ለተጣበቁ ቀለበቶች የሰጠው ሰው ኤሪክ ክላር ነው። ክላር በ1902 በኤልበ ወንዝ ዳር፣ በቦሄሚያና በሳክሶኒ ድንበር ላይ በምትገኘው ሄርንስክሬችን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በድሬስደን ተማረ፣ በኋላም በትውልድ ከተማው የግል ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ርቆ ለዓመታት ሠራ። በ1929 ከባልደረባው ጆን ጋር የፔንታሲንን አሠራር አሳተመ። ከቤንዝን እስከ አንትራሲን ያሉት ለዓይን ቀለም የሌላቸው ሲሆኑ፣ ቴትራሲን ብርቱካንማ፣ ፔንታሲን ጥልቅ ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ሄክሳሲንም ጥቁር አረንጓዴ ነው። ይህ የቀለም ጉዞ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቀለበት በተጨመረ ቁጥር የሞለኪውሉን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይኛው የኃይል ደረጃ ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል እያነሰ እንደሚሄድና ሞለኪውሉ ከሰማያዊው ብርሃን ወደ ቀዩ፣ ከቀዩም ዓይን ወደማያየው ታህተ ቀይ እየተሻገረ እንደሚመጥ ያሳያል። ክላር የብርሃን ምጠት ልኬትን እንደ ዋና መሣሪያ ይዞ፣ የአንድን ሞለኪውል ቅርጽ ከሚመጠው የሞገድ ርዝመት ለማንበብ የሞከረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሲኖች ለአፀግብሮት ያላቸውን ዝንባሌ፣ ማለትም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ለመዋሃድ ያላቸውን ፍጥነት፣ ለመለካት ደግሞ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተባለውን ውህድ ተጠቀመ። ኦቶ ዲልስና ኩርት አልደር በ1928 ያሳወቁት አፀግብሮት ሁለት ሞለኪውሎችን በሁለት ነጥብ አያይዞ አዲስ ቀለበት የሚሠራ ሲሆን፣ አንትራሲን ከማሌይክ አንሃይድራይድ ጋር ይህን አፀግብሮት በመካከለኛው ቀለበቱ እንደሚያደርግ በ1931 ታወቀ። ቴትራሲን ከአንትራሲን ይፈጥናል፣ ፔንታሲን ከቴትራሲን ይፈጥናል፤ ሁልጊዜም የሚጠቃው ወደ መሐል ያለው ቀለበት ነው። ለኬሚስት ይህ ያልተጠበቀ ነገር ነበር፤ አሮማቲክ ውህዶች የሚታወቁት ቀለበታቸውን አጥብቀው በመጠበቃቸው ነበርና፣ እዚህ ግን ቀለበት በበዛ ቁጥር መሐሉ ይበልጥ ይላላል።

መልሱን ክላር ያገኘው ከስድስቱ ኤሌክትሮኖች ነው። በቤንዝን ቀለበት ውስጥ ስድስት ኤሌክትሮኖች በአንድ ትስስር ሳይወሰኑ በመላው ቀለበት ተሰራጭተው ይኖራሉ፤ ጄምስ አርሚትና ሮበርት ሮቢንሰን በ1925 የአሮማቲክ ስድስትዮሽ ያሉትም ይህን ነው፣ የቤንዝን እርጋታም የሚመጣው ከዚህ ነው። ክላር ሐሳቡን ወደ ተጣበቁ ቀለበቶች ወስዶ፣ አንድ ሞለኪውል የሚረጋው ሙሉ ስድስትዮሽ ሊይዙ በሚችሉ ቀለበቶቹ ብዛት ልክ ነው አለ። በቀጥታ መስመር በተደረደሩ ቀለበቶች ላይ ሊሣል የሚችለው ስድስትዮሽ ግን ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ቀለበት ቢሆን ሰባት፣ ያው አንዱ ስድስትዮሽ ለሁሉ ይካፈላል። ከአንትራሲን ጋር አንድ ዓይነት የአተም ቁጥር፣ 14 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ያለው ፌናንትሪን ቀለበቶቹ ታጥፈው ስለተደረደሩ ብቻ ሁለት ስድስትዮሽ ይይዛል፣ ስለዚህም ከአንትራሲን ይበልጥ የረጋ ነው። አንትራሲን በመሐል ቀለበቱ ሲጠቃም ሁለቱ የዳር ቀለበቶች ሁለት ነጻ ቤንዝኖች ይሆናሉና፣ አንድ ስድስትዮሽ የነበረው ሞለኪውል ከጥቃቱ በኋላ ሁለት ያገኛል። ሄፕታሲን በመሐሉ ሲጠቃ ሁለት የአንትራሲን ርዝመት ያላቸው ክፍሎች ይቀራሉ። ለሞለኪውሉ መጠቃት ትርፍ አለው፤ የአለመርጋቱ ምክንያት እንግዲህ ጉድለት ወይም ስብራት ሳይሆን በአወቃቀሩ ውስጥ ያለ ሒሳብ ነው። ክላር ይህን ሐሳብ በ1972 ባሳተመው አጭር መጽሐፉ ሙሉ ቅርጽ ሰጠው፤ ሐሳቡ ከረቀቀ ስሌት ይልቅ በእርሳስ ሊሣል በሚችል ሥዕል መገለጹ ብዙ የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ለረጅም ጊዜ እንዲያቃልሉት አድርጓል፣ ይህም ተገቢ አልነበረም።

ሄክሳሲን በ1939 በክላርና በፈረንሳዊው ሻርል ማርሻልክ በየፊናቸው ተሠራ። ቀጣዩ ሰባተኛው ቀለበት ነበር፤ ክላርም በ1942 ሄፕታሲንን ማግኘቱን አሳተመ። ከጦርነቱ በኋላ ግን፣ በ1946 ወደ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ ሥራውን እንደገና ሲጀምር፣ ያንን ማረጋገጫ ራሱ ሻረው፤ በእጁ ይዞት የነበረው ንጹሕ ሄፕታሲን አለመሆኑን ተቀበለ። በዚህ ሥራ የሚመሰገነው በብዛት ስላገኛቸው ውህዶች ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ማንም ሊያስተባብለው በማይችል ጉዳይ ላይ የራሱን ቃል መመለሱ ከብዙዎቹ ግኝቶቹ አያንስም፤ ለሚቀጥሉት ትውልዶች ጥያቄውን ክፍት አድርጎ ያቆየው እርሱ ነውና። በ1955 ዊሊያም ቤይሊና ባልደረባው ሊያዎ በአሜሪካ ሄክሳሲንና ሄፕታሲንን በሌላ መንገድ መሥራታቸውን አስታወቁ፤ ይሁንና የሄፕታሲኑ ጉዳይ በኋላ በደገሙት ሰዎች እጅ ሊጸና አልቻለም፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህልም የሄፕታሲን መኖር በአከራካሪነቱ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አለመርጋት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ብቻውን ተቀምጦ በራሱ ጊዜ የሚበተን ሞለኪውል አለ፤ ብቻውን ቢተው የሚኖር፣ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ሞለኪውልም አለ። ሄፕታሲን ከሁለተኛው ወገን ነው። በብልቃጥ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ የማይቆጠሩ ሞለኪውሎች እየተጋጩ ሲዋኙ፣ ሄፕታሲን ከሄፕታሲን ሲገናኝ መሐል ለመሐል ተያይዘው ጥንድ ይሆናሉ፤ የተረፈ ኦክስጅን ካለ ደግሞ ሁለቱ የኦክስጅን አተሞች በመሐል ቀለበቱ ላይ እንደ ድልድይ ይተከላሉ። ስለዚህ የቆየው ችግር ሄፕታሲንን መፍጠር ብቻ ሳይሆን ከተፈጠረ በኋላ ከራሱ ዘርና ከአየር መለየት ነበር። የዚህ ችግር መፍትሔ ከሞለኪውሉ ይልቅ ከአካባቢው መፈለግ እንዳለበት የተረዱ ሰዎች ሲመጡ ታሪኩ ተንቀሳቀሰ።

መሣሪያው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1969 ሆላንዳውያኑ ስትራቲንግና ዝቫነንቡርግ በመሐል ቀለበቱ ላይ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ቡድኖች እንደ ድልድይ የተሠሩበት አሲን ብርሃን ሲነካው ሁለቱን ቡድኖች በጋዝ መልክ ጥሎ አሲኑን ነጻ እንደሚያወጣ አሳይተዋል። የድልድዩ ጥቅም ሞለኪውሉን አጥፎ ማቆየቱ ነው፤ መሐሉ የታሰረ ስለሆነ አይጠቃም፣ ይሟሟል፣ ይነጻል፣ በመደበኛ የቤተ ሙከራ ሥራም ይያዛል። በ2006 በኦሃዮ የቦውሊንግ ግሪን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ራጂብ ሞንዳል፣ ቢፒን ሻህና ዳግላስ ኔከርስ ይህን ዓይነት የሄፕታሲን እናት ውህድ ፕሌክሲግላስ በሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ በጣኑ፣ ከዚያም 395 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ብርሃን መቱት። የፕላስቲኩ ሰንሰለቶች ሞለኪውሎቹን በየቦታቸው ስለያዟቸው ሊገናኙ አልቻሉም፤ ከ600 እስከ 825 ናኖሜትር የሚዘረጋ፣ በ760 አካባቢ ከፍ የሚል የብርሃን ምጠትም ታየ። በፕላስቲኩ ውስጥ ሄፕታሲን እስከ አራት ሰዓት ቆየ፤ ያው ሙከራ በፈሳሽ ሲደገም ግን የተገኘው ከኦክስጅን ጋር የተያያዘ ውህድ ብቻ ነበር። በአንድ ሥራ ውስጥ የተቀመጡት እነዚህ ሁለት ውጤቶች ከ1942 ጀምሮ ሙከራዎቹ ለምን እንደሚከሽፉ ከማንኛውም ክርክር በላይ በግልጽ ያስረዳሉ።

በጀርመን ሆልገር ቤቲንገር በዚሁ መንገድ ርቆ ሄደ። ፕላስቲኩን በጠጣር አርጎን ተካው፤ አርጎን ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለፈ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ እያንዳንዱን ሞለኪውል ለብቻው አቅፎ ያስቀምጣል። ከክርስቲና ቶንሾፍ ጋር በ2010 በዚህ በረዶ ውስጥ ኦክታሲንን እና ኖናሲንን፣ ማለትም ስምንትና ዘጠኝ ቀለበት ያላቸውን አሲኖች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ፈጠረ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሞለኪውሎችን አየር ፈጽሞ በሌለበት ቦታ በወርቅ ገጽ ላይ አስተኝተው በረቂቅ መርፌ ጫፍ እየዳሰሱ የሚያዩ ቡድኖች በ2017 አሥር ቀለበት ያለውን ዴካሲንን፣ በ2020 ዓሥራ ሁለት ቀለበት ያለውን ዶዴካሲንን አሳይተዋል። እነዚህ ግን በነጠላ ሞለኪውል የሚቆጠሩ ስለሆኑ በእጅ ሊያዝ የሚችል ንጥረ ነገር ተገኘ ማለት አይደለም።

ሌላው መንገድ ሞለኪውሉን ማልበስ ነው። በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጆን አንቶኒ በ2001 ከፔንታሲን መሐል ቀለበት ላይ ሲሊከን የያዙ ግዙፍ ቡድኖችን በሁለቱም ወገን ተከለ፤ ቡድኖቹ ጥቃቱ የሚደርስበትን ቦታ ስለሚከልሉ ውህዱ የሚረጋ ከመሆኑም በላይ በፈሳሽ የሚሟሟ ሆነ፣ ኤሌክትሪክን በመጠኑ ለሚያስተላልፉ ቀጫጭን ፊልሞችም መደበኛ ጥሬ ዕቃ ሆነ። በ2005 ይኸው ዘዴ በሄክሳሲንና በሄፕታሲን ላይ ተሞከረ። ለኢንዱስትሪው ይህ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ሆኖም የለበሰው ሄፕታሲን ሄፕታሲን ራሱ አይደለም፣ የክላርን ጥያቄም አይመልስም። ለእርቃኑ ሞለኪውል የቀረበ ሥራ በ2012 ከታይዋን የመጣ ሲሆን፣ ታህሲን ቾውና ባልደረቦቹ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ድልድይ ያለውን እናት ውህድ በማሞቅ የሄክሳሲንን ክሪስታል አግኝተው አወቃቀሩን በራጅ መረመሩ፣ የኤሌክትሪክ ተሸካሚነቱም በተለመደው መለኪያ 4.28 መድረሱን ለኩ፤ ክሪስታሉ ሊቆይ የቻለው በጠጣርነቱ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩት ሞለኪውሎች በፈሳሽ ውስጥ እንደሚሆኑት በነጻነት ስለማይገጣጠሙ ነው።

በዚህ መካከል የንድፈ ሐሳብ ሰዎች ሌላ ጥያቄ አነሡ። በ2004 ሚካኤል ቤንዲኮቭ፣ ኬንዳል ሃውክ፣ ፍሬድ ዉድልና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት ስሌት መሠረት፣ አሲኖች ከስድስት ቀለበት ሲያልፉ ሁሉም ኤሌክትሮኖቻቸው በጥንድ የተያዙ መሆናቸው ያበቃል፤ ሁለት ኤሌክትሮኖች በከፊል ከጥንዳቸው ተላቀው በሁለቱ ረዣዥም ጠርዞች ላይ መቀመጥ ይጀምራሉ። ያልተጣመደ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል ከተጓዳኝ ፍለጋ የማይመለስ ስለሆነ፣ ይህ ስሌት የክላር ሥዕል በሌላ ቋንቋ ያለውን ይደግመዋል፣ ገደቡም በግምት ሰባተኛው ቀለበት አጠገብ መሆኑን ይጨምርበታል።

በ2017 የቤቲንገር ቡድን በቱቢንገን ሄፕታሲንን በጠጣርነት ለማግኘት የተጠቀመበት መንገድ፣ ቀድሞ የውድቀት ምልክት ተደርጎ ይቆጠር የነበረውን ጥንዱን ራሱን መነሻ አደረገ። ከፈሳሽ የሚዘቅጡት የሄፕታሲን ጥንዶች የረጉ፣ ተለይተው የሚነጹና የሚመረመሩ ሲሆኑ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቁ ሁለቱን የሚያይዙት ትስስሮች ተፈትተው ሄፕታሲን ይለቀቃል። ፍሪትዝሼ ጥንድ አንትራሲንን አሙቆ አንትራሲን የመለሰበት ሥራ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በሰባት ቀለበት ላይ ተደገመ። የቡድኑ አባላት ጠጣሩን በልዩ ልዩ የልኬት ዘዴዎች ከመረመሩ በኋላ በቀጭን ፊልም መልክም አዘጋጅተው ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙበትን የኃይል ደረጃ ለኩ፤ በክፍል ሙቀት የተቀመጠው ናሙና ግን በጠጣርነቱ ውስጥ እንኳ ቀስ በቀስ ወደ ጥንድነት እንደሚመለስ፣ እንደገና ሲሞቅም እንደሚለቀቅ አረጋግጠዋል።